መሪጌታን ማን ይቀስቅሳቸው?

ክብር ያጠግባል የሚል ሰው ካለ ሰባታሚት ድረስ ይሂድና መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን ይጠይቃቸው። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ሰፈር፣ በልጃቸው በየብርጓል ቤት ያገኛቸዋል። ሲገባ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉለታል፤ እሱም ደንግጦ «ኧረ በእግዚአብሔር! እርስዎ ይቀመጡ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም መልሰው ይቀመጣሉ። ክረምቱን በሙሉ የሠሩት ሥራ ቢኖር ይኸው መቀመጥ ነው።

እኛም እዚህ «እሳቸው» እያልን ነው የምናወራው። ሌላ እንበል ብንል አፋችን እሺ አይለንም። ከሐይቁ ማዶ ባለች አንዲት ደብር መዘምራኑን ሲመሩ ያረጁ፣ በበዓል ሌሊት መቋሚያቸውን ይዘው ሲያዜሙ የሌሊት ዓሣ አስጋሪው ሳይቀር ታንኳውን አቁሞ የሚያዳምጣቸው ሰው ነበሩ። ጥዑመ ልሳን ማለት አንደበቱ የሚጣፍጥ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መልአኩ ስሙን ሲያወጣ ስለ እንቅርቱ ግን ምንም አላለም።

እንቅርቱ ከዓመት ዓመት እያበጠ ትንፋሽ ሲያሳጥራቸው ሐኪም ቤት ገቡ። ሐኪሞቹ ያልነገሯቸው ነገር የለም። ሲወጣ ድምፅዎን ሊጎዳው ይችላል አሏቸው፤ እሳቸውም ሞትና ዝምታን አመዛዝነው ዝምታን መረጡ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል ሰው፤ የእሳቸው ግን እንቅርቱም ወጣ፣ ጆሮ ደግፍም አልመጣ፣ ድምፃቸው ብቻ ሄደ። የቀረላቸው ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሻከረ ነገር ነው። ለማውራት ይበቃል። ለማዜም ግን አይሆንም፤ አዚሞ ማሳየት ያልቻለ ሰው ደግሞ ዜማ አያስተምርም።

የደብሩ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። «ይቀመጡ፤ እኛ እንጦርዎታለን» አሏቸው። መሪጌታም ለአንድ በዓል ሞከሩት። እንደ ወትሮው ቆሙ፤ ያስተማሩት ልጅ በእሳቸው ቦታ ሆኖ መራ፤ ዜማው ከደረታቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ እየቆመ፣ ሌሊቱን ሙሉ አፋቸውን ይዘው አደሩ። ልጁ አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ቢሳሳት ኖሮ ይሻላቸው ነበር፤ ቢያንስ በዓይናቸው ያርሙት ነበር። ሲነጋ ቆዳው እንደተገፈፈ ሰው ሆነው ወጡና ጓዛቸውን ጠቅልለው ሐይቁን ተሻገሩ።

የብርጓል አንድ ልጃቸው ናት። ባሏ አለበል ባጃጅ ይነዳል። ቤታቸው አንድ ጓዳና አንዲት ሳሎን ነው፤ አልጋቸውም አንድ ነው። መሪጌታ በገቡ ሌሊት አልጋው ለእሳቸው ተነጠፈ፤ ባልና ሚስት ሳሎኑ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ፍራሽ ዘርግተው ተኙ። መሪጌታ እኔ መሬት ልተኛ ብለው ተሟገቱ፣ ለመኑ፣ ተቆጡም። የብርጓል «አባቴን መሬት አስተኝቼ እኔ አልጋ ላይ ልውጣ? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ አለቀሰችባቸው። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ።

ዝም ይበሉ እንጂ አልተኙም። ክረምቱ ገባ፤ ሲሚንቶው ውኃ ማዘል ጀመረ፤ በመጋረጃው ማዶ አለበል ሲያስል፣ ሲገላበጥ፣ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ይሰማቸዋል። ሰውየው ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንገቱን ደፍቶ «አባ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አጥቁሮባቸው ቢሆን ደስ ባላቸው። ደግ አማች መከራ ነው፤ ምን ተብሎ ይሸሻል? የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእሳቸው፣ ሻል ያለውን ወንበር ለእሳቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ዝምታውን ለእሳቸው። ሰውነታቸው በክብር ዛለ። ሰው በሥራ ይደክማል እንጂ በመከበር እንዲህ ይደክማል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ሥራ ፈለጉ። የፈለጉትም ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ማደሪያ ያለው ጥበቃ። ዘበኛ የራሱ ክፍል፣ የራሱ አልጋ አለው። እሳቸው ከዚያ አልጋ ካልወረዱ ልጃቸውና ባሏ ከሲሚንቶው አይነሡም።

መጀመሪያ ፋሲሎ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ሄዱ፤ ጥምጥማቸውን አሣምረው ጠምጥመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ሲገቡ ጠያቂዎቹ በሙሉ ተነሡ። አንዱ ጉልበታቸውን ሳመ። ሻይ መጣላቸው። ስለ ጾሙና ስለ በዓላቱ ጠየቋቸው፤ ስለ በሩ የጠየቃቸው አልነበረም። ሲወጡ እስከ መንገድ ሸኟቸው። ሥራውን ግን ለሌላ ሰጡት። ሁለተኛው አንድ የእህል መጋዘን ነው። እዚያም ተነሡላቸው፤ ባለቤቱም እጃቸውን ይዞ «እርስዎን በር ላይ ማቆም ነውር ነው መሪጌታ፤ እግዚአብሔርም አይወደው» አላቸው። ሲመለሱ መንገዱን በእግራቸው ነው የመጡት።

ሦስተኛውን ያየው አለበል ነው። ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ግቢ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አነበበ። ጥበቃ፣ ማደሪያ ያለው። ለአማቱ በቀጥታ ለመንገር አፍሮ ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱም እሳት ሆነች።

«አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው! የጀልባ ዘበኛ ልታደርጋቸው ነው?»

«እኔ ምን አልሁ? ማስታወቂያ አየሁ አልሁ እንጂ።»

መሪጌታ ከመጋረጃው ኋላ ሰምተው ወጡ። «የት ነው ያየኸው ልጄ?» አሉት።

የብርጓል ሐሳቧን ለመቀየር ጊዜ ወሰደባት። ከቀየረች በኋላ ግን ነገሩን እንደ ጦር ዘመቻ ያዘችው። ከተማ ከገባች የቆየች ስለሆነች ኢንተርቪው የሚባለውን ታውቃለች። አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ትጠይቃቸው ጀመር።

«መጀመሪያ ጥምጥሙ ይቅር። የአለበልን ጃኬትና ኮፍያ ያድርጉ። መሪጌታ ነኝ አይበሉ። አቶ ጥዑመ ይበሉ። ማንንም አይመርቁ። ከዚህ በፊት ምን ሠርተዋል ሲሉዎት እርሻ ይበሉ።»

«እርሻ ሠርቼ አላውቅም።»

«እደብሩ ጎመን ተክለው አልነበረም?»

«ጎመን የተከለ ሁሉ ገበሬ ነው እንዴ የብርጓል?»

«ለዘበኝነት ይበቃል። እሺ፣ ሌሊት መተኛት ያበዛሉ?»

«ቤትሽ ከመጣሁ ወዲህ መች ተኝቼ አውቃለሁ» ሊሉ ከጀሉ፤ ዋጡት። «አልተኛም» አሉ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች የብርጓል።

በቀጠሮው ቀን አለበል በባጃጁ አደረሳቸው። ጃኬቱ ትከሻቸው ላይ ይሰፋል፤ ኮፍያው ደግሞ ጭንቅላታቸውን ከማልበስ ይልቅ ያራቆታቸው መሰላቸው። ግቢው ውስጥ ጀልባዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተደፍተዋል። ከዳር ሁለት ሰዎች እንቦጭ በቆንጨራ እየቆረጡ ወደ ደረቅ ይጎትታሉ፤ ቤንዚንና እርጥብ ሣር ይሸታል። እዚያ ታች የተሠራችውን አንድ ክፍል የጭቃ ቤት አይተው የዘበኛው ማደሪያ መሆኗን ገመቱ። በሯ ገርበብ ብሎ ሽቦ አልጋ ይታያል። ፍራሽ እንኳ የለውም። መሪጌታ ዓይናቸውን ከአልጋው መንቀል አቃታቸው።

ለዚያው ሥራ የመጡ ሁለት ጎረምሶች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። መሪጌታን ሲያዩ ተነሡ። «አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሏቸው። እንጀራቸውን ሊሻሙ ለመጡ ሽማግሌ ተራቸውን ለቀቁ። መሪጌታ ይኸ ነገር መጥፎ ምልክት ሆኖ ታያቸው፤ ግን ምን ይደረግ፣ ቀደሙ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ርሆቦት ናት፤ ትምህርቷን ከጨረሰች ገና ብዙ ያልቆየች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ የመሰለ ልጅ። ሁለተኛው ሙሐዲን ነው፤ ጀልባ ካላቸው አባላት አንዱ፣ ወፈር ያለ፣ ነገር ከመጀመሩ በፊት የሚስቅ ሰው። መሪጌታ ኮፍያውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሰው ፊት ራስን ሸፍኖ መቀመጥ በዚያ ኮፍያ አላስቻላቸውም።

«ስምዎት አባባ?»

«ጥዑመ ልሳን ተክለ ጊዮርጊስ።»

«ከዚህ በፊት ምን ሠርተዋል?»

እርሻ የምትለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ደረሰች። ጎመኑንም አሰቡት። ግን ቅኔ ማኅሌት ቆመው ያረጁ ሰው በጎመን ሊዋሹ አልቻሉም።

«አገለግል ነበር» አሉ።

ሙሐዲን ደስ አለው። «ሆቴል ነው?»

«አይ፣ ሆቴል እንኳ አይደለም።»

«እሺ፣ ካፌ?»

ርሆቦት ከወረቀቷ ቀና አለች። የመሪጌታን ግንባር አየች። ፊታቸውን የሐይቁ ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ከቅንድባቸው በላይ ግን ጥምጥም የኖረበት ቦታ እንደ መቀነት ነጣ ብሎ ዞሯል። ኮፍያም ጃኬትም ያን መስመር አያጠፉትም።

«መሪጌታ ነዎት እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

መሪጌታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ወንበሩ ተንሸራተተና ርሆቦት ተነሣች። ሙሐዲንም ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው አብሯት ተነሣ።

«እባካችሁ ተቀመጡልኝ» አሉ መሪጌታ በዚያች በሻከረች ድምፅ። «ሁለት ቦታ ተነሥተውልኝ ነው ሥራ ያጣሁት።»

ሙሐዲን እየሳቀ ተቀመጠ። ርሆቦት ግን አልሳቀችም። ተቀምጣም እስክሪብቶዋን ስታገላብጥ ቆየች፤ ወረቀቷ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች የረሳቻቸው ትመስላለች።

«መሪጌታ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለች። «ከእርስዎ በፊት የነበሩት ጥበቃ የአባቴ እኩያ ናቸው። ማታ ስመጣ ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ምን ልበላቸው? ጎንበስ ብዬ ‹አባባ፣ ብርድ እንዳይመታዎት› እላለሁ። ጋቢያቸውን ያለበስኋቸው ቀንም አለ። ጠዋት ‹ተኝተው ነበር› ስላቸው ‹ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ እንጂ መች ተኛሁ!› ብለው ይቀየሙኛል። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። በመጨረሻ እሳቸው እንደተኙ የጀልባ ሞተር ተዘረፈ። አባላቱ ማንን እንደጠየቁ ያውቃሉ?»

«አንቺን» አሉ መሪጌታ።

«እኔን። አሁንም ሥራዬ ላይ የቆየሁት በልመና ነው። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ የለኝም። ማታ መጥቼ ተኝተው ባገኝዎት፣ እርስዎን፣ መሪጌታን፣ ምን ብዬ ነው የምቀሰቅስዎት?»

መሪጌታ የብርጓል ያስጠናቻቸውን አነሡ። «አልተኛም።»

«እሳቸውም ሲቀጠሩ እንደዚያ ነበር ያሉኝ።»

 ልጅቷ ልታዋርዳቸው እንዳልጠየቀቻቸው ገብቷቸዋል፤ ተጨንቃ ነው የጠየቀችው። እሷ ያየችውን ነገር እሳቸው በሁለቱም ቦታ ሳያዩት አልፈዋል። እንደናቋቸው ነበር የሚመስላቸው። ለካ የሚያዝዙበት አፍ ስላጡ ነው። «ይጥረጉ»፣ «ይሩጡ»፣ «ለምን ዘገዩ?» ለመሪጌታ እንዴት ይባላል? ጥምጥሙን አውልቀው ሳጥን ውስጥ ቆልፈው መጥተዋል፤ አንቱታውን ግን ማውለቂያ የለውም። የሰጣቸው ሰው ነው፤ ያለው በሰው አፍ ውስጥ ነው። እሳቸው ሊመልሱት ቢፈልጉ እንኳ ተቀባይ የለም። ያች ሽቦ አልጋ በመስኮቱ በኩል ትታየኛለች ብለው ዞር አሉ፤ ከተቀመጡበት አትታይም።

«‹አንተ፣ ተነሥ› በይኛ» አሉ።

ርሆቦት ክው አለች። «እንዴት አድርጌ!»

«እንዲሁ ነዋ። አፍ ከፍቶ።»

«አልችልም መሪጌታ። እናቴ ብትሰማኝ…»

«እናትሽ እዚህ የለችም።»

«እኔ ልበላቸው?» አለ ሙሐዲን፣ እጁን እንደ ተማሪ አውጥቶ።

«አንተ ማታ ቤትህ ነህ» አለችው። «የምቀሰቅሳቸው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እዚሁ ሞክሪኝ» አሉ መሪጌታ። «ተኝቻለሁ። አንቺ መጣሽ። በይ።»

ይህን ብለው ክንዳቸውን አጣመሩ፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለይስሙላ ነበር። ግን ለክረምት ሙሉ በቅጡ ያልተኛ ሰው ዓይኑን ለይስሙላም ቢሆን መጨፈን የለበትም። ክፍሉ ሞቅ ይላል፤ ከውጭ የሐይቁ ውኃ ዳሩን ይመታል፤ በመጋረጃ ማዶ የሚያስል ሰው የለም። እንቅልፍ ከእግራቸው ጀምሮ ወጣባቸው።

«መሪጌታ…» አለች ርሆቦት። «ይነሡ።»

ዝም።

«መሪጌታ፣ ይነሡ እንጂ።»

«ጥሩ አድርገው ይጫወታሉ» አለ ሙሐዲን በሹክሹክታ። ትንሽ ቆይቶ ግን ወደፊት አዘነበለና ፈገግታው ጠፋ። «ልጄ፣ ሰውየው እየተጫወቱ አይመስለኝም።»

ርሆቦት አየቻቸው። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል፤ ኮፍያው ከጉልበታቸው ወድቋል። ያው ነገር ነው፤ ያው ሽማግሌ፣ ያው ወንበር። እጇ ጋቢ ሊያለብስ እንደሚሄድ ሁሉ ከጠረጴዛው ተነሣ። ከዚያ በአባላቱ ስብሰባ ፊት የቆመችበት ቀን ትዝ አላት፤ ማንም ወንበር ሳይሰጣት የቆመችበት። ያነሣችውን እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

«አንተ! ጥዑመ! ተነሥ!»

መሪጌታ ተፈናጥረው ቆሙ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ቀኝ እጃቸው ግድግዳውን ዳበሰ፤ መቋሚያ ነው የሚፈልገው።

«ደወለ እንዴ?» አሉ።

 ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠረጴዛውን፣ ልጅቷን፣ የጀልባ ባለቤቱን ለየ። የት እንዳሉ አወቁ። መልሰው ተቀመጡ፤ እንባቸው በዚያ በጠቆረው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ ሊሸሽጉትም አልሞከሩም።

ርሆቦት አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ መሪጌታ! በማርያም ይቅርታ! እኔ እኮ እርስዎ ስላሉኝ…»

«ይቅርታ አትበይ» አሉ።  «ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ሚስት ነበረችኝ። ሰው ፊት አንቱ ትለኛለች። ሌሊት ደወል ሲደወል ግን፣ እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው፣ ትከሻዬን ይዛ ‹አንተ ጥዑመ፣ ተነሥ፣ ደወለ› ትለኝ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው የለም። አንድም ሰው። እንደናፈቀኝ እንኳ አላውቅም ነበር።»

ሙሐዲን ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ነገር ሲከብደው የሚያቀልለው እሱ ነውና ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወላሂ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለ። «ለጥበቃ ሊቀጠሩ መጥተው እዚሁ ተኙ እኮ!»

መሪጌታ አልካዱም። «ተኝቼ ነበር» አሉ። «ደክሞኛል። አጥፍቻለሁ።»

ርሆቦት ያችን ቃል ከሽማግሌ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ሙሐዲንን አየችው። ሙሐዲን ትከሻውን ነቀነቀ። «መተኛትማ ማን የማይተኛ አለ?» አለ። «ሲቀሰቅሱት የማይቀየም ነው የጠፋው።»

ርሆቦት ወረቀቱን ሰበሰበች፣ አስተካከለች፣ መልሳ አኖረችው። ከውጭ ሁለቱ ጎረምሶች ተራቸውን እየጠበቁ ሲያወሩ ይሰማል።

«ውጭ ያሉትንም እጠይቃቸዋለሁ፤ ወጉ ስለሆነ» አለች። «ግን ነገ ጠዋት ይ…»

ቆመች። ፊቷ ቀላ። የጀመረችውን ቃል ዋጠችውና ምራቋን አስከተለችበት።

«ነገ ጠዋት ና» አለች። «እንዳትዘገይ።»

«እሺ» አሉ መሪጌታ። «እመጣለሁ።»

ጎንበስ ብለው ኮፍያውን ከመሬት አነሡ። ሲወጡ የተነሣላቸው ሰው አልነበረም። ርሆቦት እንዳትነሣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛው እንደነበር ያየ ሙሐዲን ብቻ ነው።

ግቢውን አልፈው ከውጭ ጥላ ሥር ሲደርሱ ስልካቸው ጮኸ። የብርጓል ናት፤ ትዕግሥት አልፈጠረባትም።

«አባ፣ እንዴት ሆነ? ምን አሉዎት?»

«ነገ ና አሉኝ።»

 ሥራውን ማግኘታቸው አልነበረም መጀመሪያ ጆሮዋ የገባው።

«ይምጡ ነው ያሉዎት አይደለም? ይምጡ?»

«አይ። ና ነው ያለችኝ።»

«ማናት እሷ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ማናት እርስዎን ደፍራ ‹ና› የምትል?»

«አለቃዬ ናት» አሉ መሪጌታ።

 መሪጌታ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። የብርጓል እያለቀሰች እንደሆነ የገባቸው አፍንጫዋን ስትናፈጥ ነው፤ እሳቸውም እስክትጨርስ ጠበቋት።